በርኖስ የለበሰው ኮምፒዩተር

አስቀድሜ ልናገር፦ እኔ የኮምፒዩተር ሊቅ አይደለሁም፤ ታይፒስት ነኝ። ይሁን እንጂ በደርግ ዘመን፣ ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ፣ ሁለት የኮምፒዩተር ኦፐሬቲንግ ሲስተሞችን አወዳድሬ ስምንት ገጽ ሪፖርት ጽፌአለሁ። ከተወዳደሩት ማሽኖች አንዱንም በገዛ እጄ አቃጥያለሁ። አንባቢ ይህን ይወቅልኝና ከዚህ በኋላ የምለውን የፈቀደውን ይመን፣ ያልፈቀደውን ይተው።

የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ታይፕ ስመታ በኮሪደሩ የሚያልፍ ሰው በረዶ የጣለ ይመስለው ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ ግን ጣቶቼ አንዱን ፊደል ከመቱ በኋላ ሌላው ያስፈልግ እንደሆነ የሚመካከሩ ይመስላሉ።

ባለቤቴና እኔ አንድ መሥሪያ ቤት ነበርን፤ የእርሻ ልማት መሥሪያ ቤት። እሱ የስታትስቲክስ ሠራተኛ ነበር። የሰላ ድንጋይን በግ፣ የመዘዞን ገብስ፣ የአንኮበርን ባቄላ ሲቆጥር ኖረ። አንድ ቀን ከእርዳታ ሰጪዎች አንድ ኮምፒዩተር መጣና ለቁጥር ከእሱ በላይ የሚቀርብ ስለሌለ ለእሱ ተሰጠው። በውስጡ ያለው ዶስ የሚባለው ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቀው እንዲህ አለኝ፦

"ማሽኑ ሥጋ ነው እንበል። ይሄ ደግሞ ጠዋት የሚቀሰቅሰው፣ ሥራ የሚያከፋፍለው፣ የት ምን እንዳስቀመጠ የሚያስታውሰው ነው።"

"እንግዲያ ሚስት ነዋ" አልኩት።

ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዶስን እንደ ጣውንት ማየቴ አልቀረም። ለእኔ "ደኅና አደርሽ" ሳይል የሚወጣ ሰው፣ ማሽኑ ፊት ተቀምጦ ዶስ ቀኑንና ሰዓቱን ሲጠይቀው በትሕትና ይመልስለት ነበር።

ከመታመሙ ጥቂት ሳምንታት በፊት፣ ስክሪኑን በትከሻው ከልሎ፣ "ለአንቺ የምጽፈው ነገር አለ። ሲያልቅ ታይዋለሽ" አለኝ። አላለቀም። በሳምባ ምች ዘጠኝ ቀን ተኝቶ፣ ማክሰኞ ጠዋት "ውሃ ስጪኝ" አለኝ። ውሃውን ይዤ ስመለስ የለም። በቃ። እንዲህ ያለ ሰው ነበር፤ ከስብሰባም ሲወጣ አይሰናበትም።

ከአርባው በኋላ ወደ ሥራ ስመለስ እሱ ሲከፍተው እያየሁ ማሽኑን መክፈት የለመድኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ በእሱ ወንበር አስቀመጡኝ። በርኖሱ እንደ ተሰቀለ ነበር፤ እናቱ አንኮበር ላይ ከጥቁር በግ ጠጉር የፈተለችለት። በማሽኑ ውስጥ ካሉት ፋይሎች መካከል ደግሞ በእኔ ስም የተጠራ አንድ ፋይል አገኘሁ። አልከፈትኩትም። አንባቢ "ምን ዓይነት ሴት ናት?" ይለኝ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ያ ፋይል ሳይነበብ እስከቆየ ድረስ ባለቤቴ ገና የሚነግረኝ ነገር አለው። ካነበብኩት ግን ጨርሶ ዝም አለ ማለት ነው። ስለዚህ ለሙት ዓመቱ አቆየሁት፤ እስከዚያም በየቀኑ ስሜን እያየሁ የበግ ቁጥር እመታለሁ።

በዚህ መካከል ሁለተኛው ኮምፒዩተር መጣ። ይህ ትልቅ ነው። ራሱ በአንድ ክፍል ውስጥ እንደ ጓዳ ማድጋ ተቀምጦ አራት ስክሪኖች በሽቦ ተያይዘውለታል፤ አራት ሰው በአንድ ጊዜ ያዘዋል። በውስጡ ያለው ዩኒክስ ይባላል። አብሮት ምሥራቅ ጀርመን የተማረ ጓድ ወንድይፍራው የሚባል ቀጭን ሰው መጣ። ትንሽ ይናገራል፣ ብዙ ይከለክላል። የመጀመሪያው ክልከላው ጫማ ነበር። ሁለተኛው፣ ነጭ ጋዋን ሳይለብሱ መግባት።

ደብረ ብርሃንን ለማታውቁ፦ በባልዲ ያሳደራችሁትን ውሃ ጠዋት በመዶሻ የምትቀዱባት ከተማ ናት። በዚያ ሲሚንቶ ወለል ላይ በካልሲ መቆም ምን እንደሆነ እግሬ ያውቃል። የእኔ መከራ ግን ብርዱ አልነበረም። ባሌን ከቀበርኩ ስድስት ወሬ ነው፤ ከራስ ጠጉሬ እስከ እግሬ ጥቁር ነኝ። ሰውዬው ነጭ ጋዋን ዘርግቶ ቆመ።

"ጓድ ወንድይፍራው፣ እኔ ሐዘን ላይ ነኝ" አልኩት።

"እግዚአብሔር ያጽናዎት እትዬ። ጋዋኑን ይልበሱ።"

ለበስኩ። መጥፎ ዕድሌ ሆኖ ያ ክፍል መስኮቱ ወደ መንገድ ነው፤ መንገዱ ደግሞ የእትዬ አስካለ ነው። እትዬ አስካለ ጎረቤቴ ናቸው፣ የእድራችን የሴቶች አለቃም ናቸው። በከተማችን ማን ለማን ስንት ቀን እንዳዘነ የሚያውቁ እሳቸው ናቸው። መስታወቱን በጣታቸው ቆረቆሩት። ከፈትኩላቸው።

"አንቺ ልጅ፣ ምንድነው የለበስሽው?"

"ጋዋን ነው እትዬ አስካለ። የማሽኑ ደንብ ነው።"

"ማሽኑ ማን ሞቶበት ነው የልብስ ደንብ የሚያወጣው?"

"አቧራ እንዳይገባበት ነው።"

"ባልሽ አፈር ከገባ ገና ስድስት ወሩ ነው። እሱ አፈሩን ችሎታል፤ ይሄ አቧራ ቢገባበት ምን ይሆናል?"

መስኮቱን ዘጋሁ። እስከ እሑድ ድረስ ነጭ መልበሴ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሁሉ ተሰማ። ሰኞ ዕለት ሦስት ሴቶች ሊመክሩኝ ቤቴ መጡ። ሁለቱ እያለቀሱ፣ ሦስተኛዋ እየተቆጣች፣ ጫማ አስወልቆ ስለሚቀበለኝ ሰው ጠየቁኝ። የሚቀበለኝ ሰው ሳይሆን ኦፐሬቲንግ ሲስተም መሆኑን ሳስረዳቸው ነገሩ ባሰ። ከዚያ ወዲያ በዚያ በር ላልገባ ወሰንኩ።

እንዲህ ሳለሁ ከላይ ትእዛዝ መጣ። ሁለት ዓይነት አሠራር ለአንድ መሥሪያ ቤት ስለማይገባ ተወዳድረው የተሻለው ይቀራል፤ ሌላው በውስጡ ያለው ሁሉ ተሰርዞ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። በውስጡ ያለው ሁሉ። ስሜን አሰብኩ። ሙት ዓመቱ ገና አምስት ወር ይቀረዋል።

ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው የአስተዳደር ኃላፊያችን ጓድ ጌጡ ነበር። አንድም ኮምፒዩተር ነክቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ገለልተኛ ነው ተባለ። ወንድይፍራው ስለ ዩኒክስ እንዲናገር፣ እኔ ስለ ዶስ እንድናገርና ሁለቱንም እንድጽፍ ተወሰነ። እኔም በልቤ ወሰንኩ፦ በዚያች ከተማ ውስጥ ዶስን የሚያህል ነገር እንዳልተፈጠረ አድርጌ ልጽፍ። ጣውንቴን ልከራከርላት ተነሣሁ ማለት ነው።

ጓድ ጌጡ ስብሰባውን ሲከፍት፣ "ከሁለቱ የትኛው ነው ሰፊውን ሕዝብ የሚያገለግለው?" አለ።

"ዩኒክስ በአንድ ጊዜ አራት ሰው ያገለግላል። ስክሪን ከተገኘ አሥራ ስድስት" አለ ወንድይፍራው።

"ያኛውስ?"

"አንድ ሰው ብቻ።"

ጓድ ጌጡ ወደ እኔ ዞረ። "አንድ ሰው ለብቻው ማሽን ይዞ የሚቀመጥበት አስተሳሰብ ከየት የመጣ ነው ትያለሽ እህቴ?"

ተሰማኝ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ። "ጓድ ሰብሳቢ፣ ዶስ ሲከፈትም ሲዘጋም ፈጣን ነው። መብራት ቢጠፋበት የተከፈተውን ገጽ ብቻ አጥቶ ይነሣል። ዩኒክስ መብራት ከጠፋበት እየተነጫነጨ ራሱን ሲመረምር ግማሽ ቀን ነው። የእኛ ከተማ መብራት ደግሞ …"

"የመብራቱን ነገር አትጻፊው" አለ ጓድ ጌጡ።

በጣም ጠንካራው ክርክሬ እንዲህ ከመዝገብ ወጣ።

ቀጥሎ የሚስጥር ቃል መጣ። ዩኒክስ ማንነትን ሳይጠይቅ አያስገባም፤ እያንዳንዱ ሰው ራሱ ብቻ የሚያውቀው ቃል ሊመርጥ ነው። ጓድ ጌጡ ግር አለው። "ከመሥሪያ ቤቱ የሚደበቅ ምን ነገር አለ?" አለ። ሰው ሁሉ ፈራ። የተለየ ቃል መርጦ "ይህን ለምን መረጥክ?" ከመባል ይልቅ ሁሉም አንድ ቃል መረጡ፦ አብዮት። ወንድይፍራው ያን ቀን ብቻ ጋዋኑን አውልቆ ደጅ ወጥቶ ሲጋራ ሲያጨስ አየሁት። ሠራተኛው በሙሉ በአንድ ቁልፍ ቤቱን ዘግቶ፣ ቁልፉንም በየግድግዳው በትልልቅ ፊደል ጽፎ ያደረ መሆኑን ሊያስረዳ የሚችልበት ስብሰባ አልነበረም።

እኔ የዩኒክስን ጠባይ የመዘገብኩት በር ላይ ቆሜ ነው። ጫማዬን አውልቄ፣ ጥቁሬን ለብሼ፣ ደፉ ላይ። ወንድይፍራው ከውስጥ ይሠራል፤ እኔ ከውጭ እጠይቃለሁ።

"አሁን ምን አለ?"

"ምንም አላለም።"

"ለምን? ተበላሸ?"

"ምንም ካላለ ተሳክቷል ማለት ነው። የሚናገረው ስሕተት ሲኖር ብቻ ነው።"

ይህን ስጽፍ ባለቤቴ ትዝ አለኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ወጡ እንዴት እንደሆነ ተናግሮ አያውቅም ነበር፤ ጨው ሲበዛ ካልሆነ።

አንድ ነገር ግን ልቤን ነካው፤ ተቀናቃኜ ቢሆንም ልመሰክርለት ይገባል። ዶስን ቁልፉን ሲጫኑት ይጠፋል፤ ቃል የለም። ዩኒክስ ግን ከመዘጋቱ በፊት በሁሉም ስክሪን ላይ፣ ሰዎቹ በሚጽፉት መካከል ሳይቀር ገብቶ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ እዘጋለሁና ሥራችሁን ጨርሱ ይላል። በየደቂቃውም ያስታውሳል። በበሩ ላይ ሆኜ አራቱን ሰዎች ተራ በተራ ጨርሰው ሲነሡ አየሁ። እንዲህ ያለ መልእክት ያን ማክሰኞ ቢደርሰኝ ውሃ ልቀዳ አልሄድም ነበር።

በመጨረሻ የፈተናው ቀን ቀረበ። ሁለቱም ማሽኖች የአውራጃውን በግና ገብስ ከጠዋት እስከ ማታ ይደምራሉ፤ የቀደመ ያሸንፋል። ጊዜው ኅዳር ነው፤ ውርጩ ሣሩን እንደ አመድ አልብሶታል። የእኔ ማሽን ጠዋት ሲነሣ ተንገራገረ፣ ከዚያ ግን መደመር ጀመረ። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ እየመራን ነበር። የበግ ድምር ጨርሰን ገብስ ላይ ነን፤ ዩኒክስ ገና በግ ላይ ነው።

ለምሳ ልወጣ ስል ማሽኑ ከወትሮው አብዝቶ ኡኡኡ ይል ጀመር። እጄን ላዩ ላይ አደረግኩ፤ ይንቀጠቀጣል። መስኮቱ ስንጥቅ ነው፣ ነፋሱ ይገባል። ምን ልበላችሁ። ሃያ ዓመት አንድ ሰው ሲያስል እየሰማሁ ብርድ ልብስ የምጎትት ሴት ነኝ። በርኖሱን ከተሰቀለበት አወረድኩና ማሽኑን ከላይ እስከ ታች አለበስኩት፤ አንገቱም ላይ ጠበቅ አደረግኩለት። "አይዞህ" ብዬም ወጣሁ።

ስመለስ ኮሪደሩ ሸቷል። ጓድ ጌጡ ከቢሮው ብቅ ብሎ አፍንጫውን እያንቀሳቀሰ፣ "ዛሬ በዓል ነው እንዴ? ማነው የበግ ጭንቅላት የሚለበልበው?" አለ።

በሩን ስከፍት የአንኮበር ሱፍ ጢስ ተቀበለኝ። በርኖሱ በጀርባው በኩል መዳፍ የሚያህል ተቃጥሏል። ስክሪኑ ጥቁር ነው። ቁልፉን አወረድኩ፣ አወጣሁ። ምንም አላለም። ይህኛው ምንም ሳይል ሲቀር ግን ተሳካ ማለት አልነበረም።

ጓድ ጌጡ ከኋላዬ ገባ። "እህቴ፣ ይህን በሪፖርቱ ምን ብለሽ ትጽፊዋለሽ?"

"ከመጠን ያለፈ ሙቀት።"

"ደብረ ብርሃን ውስጥ? በኅዳር? ማን ያምንሻል?"

ዶስ ተሸነፈ። ከእሱም ጋር ለሙት ዓመቱ የቆጠብኩት ፋይል ጠፋ። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ የተቃጠለውን በርኖስ ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ሁለተኛ ጊዜ ገደልኩት ብዬ አሰብኩ። በመጀመሪያው እንኳ ውሃ ልቀዳ ሄጄ ነበር። አላለቀስኩም፤ እንባ የሚመጣው ጥፋቱ የሌላ ሲሆን ነው።

በማግሥቱ ሪፖርቱን ጨረስኩ። ማጠቃለያው አጭር ነበር፦ "ብዙ ሰው በአንድነት ለሚሠራበት ቤት ዩኒክስ ይሻላል። ለአንድ ሰው የዕለት ሥራ ዶስ ይሻላል። ያ አንድ ሰው ከሌለ ሁለቱም አይረቡም።" ጓድ ጌጡ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር በቀይ ሰርዞ ፈረመ።

ከሰዓት በኋላ ወንድይፍራው ወደ ክፍሌ መጣ። በልምድ ጫማውን አውልቆ ነው የገባው።

"እትዬ፣ ባለቤትዎ ቅጂ አይይዙም ነበር?"

"የምን ቅጂ?"

"በዲስኬት።"

የጠረጴዛውን መሳቢያ ስበን አወጣነው። አሥራ ሁለት ዲስኬቶች በወረቀት ከረጢት ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዳቸው ላይ በእሱ እጅ ጽሑፍ ዓርብ፣ ዓርብ፣ ዓርብ ከነቀኑ። በግ ሲቆጥር የኖረ ሰው አንዱ እንዳይጠፋበት እንዴት እንደሚጠነቀቅ ማሰብ ነበረብኝ። የመጨረሻው ዓርብ አልጋ ላይ ከመውደቁ በፊት የነበረው ነው።

"ማሽኑ ግን ተቃጠለ" አልኩ።

"ዩኒክስ የዶስን ዲስኬት ያነባል። ዶስ ነው የእኛን የማያነበው።"

"ይህን ለምን በስብሰባው ላይ አልተናገሩም?"

"ማን ጠየቀኝ? ስለ ሰፊው ሕዝብ ነበር የምንነጋገረው።"

"እንግዲያ በስሜ የጻፈልኝ ፋይል አለ፤ ያንብቡልኝና ያምጡልኝ።"

አንገቱን ደፋ። "የሚስት ፋይል ነው እትዬ። እኔ ላነበው አይገባም። ይግቡና ራስዎ ያንብቡት።"

"በጥቁሬ ላይ ጋዋኑን ልደርብ፣ ነጩ እንዳይታይ ከላይ ደግሞ ጥቁር የሱፍ ሻርፔን ጣል ላድርግ።"

"ሱፍ ማሽን ላይ ምን እንደሚያደርግ ትናንት አይተናል" አለ፤ እንደማይቀልድ ሰው ቀስ ብሎ።

መስኮቱን አሰብኩ፣ መንገዱን አሰብኩ፣ ሦስቱን ሴቶች አሰብኩ። ከዚያ ጥቁሩን ሻርፕ አውልቄ ወንበሩ ላይ በርኖሱ አጠገብ አኖርኩት። ነጩን ለበስኩ። ሙት ዓመቱ ገና ነው፤ እኔም ቃሌን ቀድሜ አፈረስኩ።

ወንድይፍራው ፋይሉን አውጥቶልኝ ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ዋናው ማሽን ሄደ። ማሽኖቹ ያኔ የእኛን ፊደል አያውቁም ነበር፤ ባለቤቴ አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል ነው የጻፈው። እንደ ሕፃን በጣቴ እየተከተልኩ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አነበብኩ። የፍቅር ደብዳቤ አልነበረም። እንዲህ ይላል፦

"እኔ ለመስክ ስወጣ ማሽኑን ማን ይከፍተዋል እያልሽ ትጨነቂያለሽና እንዲህ አድርጊ። አንድ፣ እጅሽን ታጥበሽ አድርቂ። ሁለት፣ ቁልፉን ወደ ላይ አድርጊ። ሦስት፣ ቆጥሮ እስኪጨርስ ታገሺ፤ አትነካኪው። አራት፣ ቀኑንና ሰዓቱን ሲጠይቅሽ እውነቱን ንገሪው። …"

እንዲህ እያለ ይወርዳል። ሰባተኛው ላይ፣ "ስትጨርሺ ዝም ብለሽ አጥፊው፤ ይሄ ስንብት አያውቅም" ይላል። ስምንተኛው ዓርብ ዓርብ ቅጂ እንዳልረሳ ነው። ዘጠነኛው እንዲህ ነበር፦

"ሲሠራ ኡኡ ይላል። ብርድ አይደለም፣ ማራገቢያው ነው። ይበርደዋል ብለሽ በርኖሴን እንዳታለብሺው። አውቅሻለሁ።"

ከዚያ በታች "አሥር" ይላል። ከአሥር ጎን ምንም የለም።

ያን ባዶ ቦታ ሳይ ሳለሁ አንድ መልእክት በጽሑፉ መካከል፣ በዘጠኝና በአሥር ላይ ተንጋድዶ ገባ፦ ሲስተሙ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይዘጋል፤ ሥራችሁን ጨርሱ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነበር፤ ወንድይፍራው በልማዱ መዝጋት ጀምሯል። ዞሮ ሲያየኝ ደነገጠ።

"ረስቼው ነው እትዬ። ላስቁመው?"

"ይተዉት" አልኩ። "አምስት ደቂቃ ይበቃኛል።"

አራት ሲቀረው ነገረኝ። ሦስት ሲቀረው ነገረኝ። በእያንዳንዱ መካከል ዘጠነኛውን ቁጥር ከመጀመሪያው አነበብኩ። አንድ ሲቀረው እጄን ስክሪኑ ላይ አደረግኩ፤ ወንድይፍራው ይህንንም ይከለክላል፣ ያን ጊዜ ግን አልከለከለም። ከዚያ ጠፋ። ቢያንስ ይህኛው ነግሮኝ ነው የጠፋው።

ከመሥሪያ ቤቱ ስወጣ ጋዋኑን ማውለቄን ረስቼዋለሁ፤ ጫማዬን እንኳ ያቀበለኝ ወንድይፍራው ነው። በገበያው አጠገብ፣ ሰው ቆሞ እያየኝ፣ በነጭ አለፍኩ። የእትዬ አስካለ በር ጋ ስደርስ ብቅ አሉ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ምን እንደሚሉኝ ስለማውቅ ቆሜ ጠበቅኩ።

"ምን ሆንሽ?" አሉኝ።

"አነበብኩት እትዬ አስካለ። በርኖሴን እንዳታለብሺው ይላል። እኔ አልብሼ አቃጠልኩት።"

ምን እንዳልኩ እንዳልገባቸው አውቃለሁ። የትኛውን፣ ማንን አልጠየቁም። ጋቢያቸውን ከላያቸው አወረዱና ትከሻዬ ላይ ጣሉት፤ አንገቴም ላይ ጠበቅ አደረጉልኝ።

"ይበርድሻል" አሉ።

ኮምፒዩተር ስላልሆንኩ ዝም ብዬ ለበስኩት።